ሞተሩ ከመውረዱ በፊት

ቦሎ ላሳድስ የሄድኩ ቀን መርማሪው ባትሪውን አብርቶ ከቮልስ መኪናዬ ሥር ገባ። ብዙም አልቆየ። ወጥቶ ልብሱን አራገፈና «ዘይት ታፈሳለች፤ አሠርተሃት ተመለስ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ታፈሳለች። ጠዋት ጠዋት የቆመችበት ቦታ ላይ ጥቁር ነጥብ ትታ ነው የምትነሳው። በእሱ አልተከፋሁም። የከነከነኝ ከዚያ ወዲያ የሆነው ነው።

ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ የሞተሩን ክዳን እንኳ አልከፈተም። ጎንበስ ብሎ መሬቱ ላይ የተንጠባጠበውን አየ፣ ቀና አለ፣ «የፍላይዊል ሲል ነው፤ ሞተሩ ይወርዳል» አለ። ፍላይዊል ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር በሚጋጠምበት በኩል ያለው ከባድ ክብ ብረት ነው፣ ሲሉ ደግሞ እዚያ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ላስቲክ። በቃ። ዋጋውንም አብሮ ነገረኝ። ሰውዬው ሥራውን የማያውቅ አይመስልም። ግቢው በመኪና ተሞልቷል፣ እጁም የሠራ እጅ ነው። ምናልባትም ልክ ነው። ግን ማታ ጋደም ስል አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ፦ እንዴት አወቀ?

ሌላ ጋራዥ ጠየቅኩ። እዚያ ደግሞ «የቫልቭ ክዳኑ ነው፣ ሲሊኮን እንቀባዋለን» ተባልኩ። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ብቅ ስል አንድ ነጋዴ መኪናዋን ሳያያት፣ ስልኬ ላይ ባለው ፎቶ ብቻ «የፑሽሮድ ቱቦ» ብሎ ፈረደ፤ ከሲሊንደሮቹ ሥር ያሉትን ቀጫጭን ቱቦዎች ማለቱ ነው። መብራት ላይ አጠገቤ የቆመ የታክሲ ሹፌር ደግሞ በመስኮት ብቅ ብሎ «ወፍራም ዘይት አድርግላት፣ 50 ቁጥር ጨምርባት፣ ማፍሰሷን ታቆማለች» አለኝ። ሁሉም እርግጠኛ ናቸው። እጁን ያቆሸሸ ግን የለም።

ቮልሷ በፈረንጅ የ72 ሞዴል ናት፣ 1300 የሚባለው ሞተር ያላት። ከሰፈራችን አንድ ጡረተኛ መምህር ነው የገዛኋት። ሲሸጡልኝ «ዘይቷን እያየህ ከነዳሃት ሌላ ችግር የለባትም» ብለውኝ ነበር። የዚያን ጊዜ ምክር መስሎኝ ነበር።

ጠብታው ሌላ፣ ምንጩ ሌላ

የቮልስ ሞተር ኋላ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ወዴት እንደዞረ ነው። ፑሊውና ቺንጋው ወደ ኋላ ነው የሚያዩት። ፍላይዊሉና ፍሪሲዮኑ ደግሞ ወደ መኪናው ፊት ዞረው ከካምቢዮው ጋር ይጋጠማሉ። ያ መጋጠሚያ ከሥር ዝቅ ያለ ነው። ከላይም ከጎንም የመጣ ዘይት ብሎኩን ይዞ ይወርድና እዚያ ይሰበሰባል፤ እዚያ ይንጠለጠላል፤ ከዚያ ይወድቃል።

ቆርቆሮ ቤት ያደገ ሰው ይሄ አይጠፋውም። ክረምት ላይ ውሃው አልጋው ላይ ይንጠባጠባል፣ ቀዳዳው ግን ከአልጋው በላይ አይደለም። ራቅ ብሎ አንድ የላላ ሚስማር ሥር ነው። ውሃው ማገሩን ይዞ መጥቶ ነው እዚህ የወደቀው። ኮርኒሱን ብትቀይሩ አልጋችሁ መርጠቡን አይተውም።

ሞተር ላይ ደግሞ ንፋስ ይጨመርበታል። ቮልስ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። ሞተሩ በደቂቃ 4,000 ዙር ሲዞር ፋኑ በሰከንድ ከ500 ሊትር በላይ አየር ይነፋል። ከላይ ብቅ ያለች ትንሽ ዘይት በዚያ አየር ትበተንና ሲሊንደሩንም ቆርቆሮውንም ታለብሳለች። መንገድ ላይ ደግሞ ከሥር የሚገባው ንፋስ የተንጠለጠለውን ሁሉ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ በጣም የረጠበው ቦታ ምንም አይነግራችሁም። መጠርጠር ያለበት ከሁሉም ከፍ ብሎ፣ ከሁሉም ወደ ፊት ቀድሞ የረጠበው ቦታ ነው።

የፍላይዊል ሲል ለምን ቶሎ ይከሰሳል? አንደኛ፣ እውነትም ያረጃል፤ የተከሰሰው በባዶ ሜዳ አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነው። የዚህች መኪና ሞተር ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በ4 ቡሎን ነው። ሁለት ጎበዝ ልጆችና አንድ ክሪክ ካሉ ከሻይ ሰዓት በፊት መሬት ላይ ነው። ማውረዱ ቀላል ስለሆነ ማውረድ መልስ ይመስላል። ከወረደ በኋላ ደግሞ «ከወረደ አይቀር» የሚባለው ነገር ይጀመራል። ከወረደ አይቀር ፍሪሲዮኑ ይቀየር። ከወረደ አይቀር ኩሽኔታው ይታይ። ከወረደ አይቀር ቆርቆሮውን ቀለም እናስነካው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

«ቮልስ ዘይት ካላፈሰሰች ዘይት የላትም ማለት ነው» የሚል ቀልድ አለ። የቮልስ ባለቤት ሁሉ ይስቅበታል፣ እኔም እስቃለሁ። ግን ሞተሩ የሚይዘው ጠቅላላ ዘይት 2.5 ሊትር ነው። ራዲያተር የለውም፣ ውሃ የለውም። ዘይቱ ማለስለስ ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዝም አለበት። ከፋብሪካ ሲወጣ የዘይት ፊልትሮ እንኳ አልተሰጠውም፣ ያለው ወንፊት ነው። ከዚህ ላይ ግማሽ ሊትር ስትጎድል የቀረው ዘይት ያንኑ ሥራ በበለጠ ሙቀት ይሠራል ማለት ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ባለው የዘይት መብራትም አትተማመኑ። የሚበራው ግፊቱ ከ0.15 እስከ 0.45 ባር አካባቢ ሲወርድ ነው። ያኔ ነገሩ ብዙ ርቆ ሄዷል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ።

ነጭ ጋዝና ሶፍት

አንድ ጓደኛዬ «ሽማግሌው ጋ ውሰዳት» አለኝ። ቦታው ጋራዥ እንኳ አይባልም። ከቤታቸው ጎን ሸራ የተወጠረበት ጥግ ነው። ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ ቮልስ ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ረዳት ልጅ አላቸው፤ እሱም ከእሳቸው ተምሮ ነው መሰለኝ ሲበዛ ዝምተኛ ነው።

«ጋሼ፣ የፍላይዊል ሲል ነው ብለውኛል» አልኳቸው።

«ማን አየው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ዝም ስል እሳቸው መጠየቅ ጀመሩ። መቼ ነው የምታፈሰው? እየሄደች ነው ቆማ? ጠዋት ቀዝቃዛ ሆና ስትነሳ ይብሳል ወይስ ሞቃ ስትቆም? ዳገት ላይ ፍሪሲዮን ትንሸራተታለች? ይሄኛውን ጥያቄ ወደድኩት። የቮልስ ፍሪሲዮን ደረቅ ነው፣ ዘይት ከነካው መንሸራተት ይጀምራል። የፍላይዊሉ ሲል ያን ያህል ዘይት የሚለቅ ከሆነ አንድ ቀን እንጦጦን ስወጣ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ አልሄድ ማለት ነበረባት። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።

ቀጥለው ከሥር የተንጠለጠለውን ጠብታ በጣታቸው ወስደው አሹት፣ አሸተቱት፣ ወደ እኔም አቀረቡልኝ። «ምን ምን ይልሃል?» አሉኝ። ዘይት ዘይት ነው ያለኝ። ለካ የካምቢዮ ዘይት ሲሆን ድኝ ድኝ ይሸታል፣ አንዴ ያሸተተው ሰው አይረሳውም። ካምቢዮው በዚያው መጋጠሚያ በኩል የራሱ ሲል ስላለው፣ የእሱን ጥፋት ሞተሩ ላይ መለጠፍ ቀላል ነው። ይሄኛው ግን አልሸተተም። ካምቢዮው ነፃ ወጣ።

ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው ፑሊውን በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋ ሳብ አደረጉት። ጆሯቸውን አዘንብለው ነው። የክራንኩ፣ ማለትም ፑሊውንና ፍላይዊሉን ጫፍና ጫፉ ላይ የያዘው ዘንግ፣ ወዲያና ወዲህ መሄጃ በደንቡ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሲበዛ 0.15። ከዚያ ካለፈ በእጅ ይሰማል፣ ቀጭ ቀጭ ይላል። እንደዚያ የሚጫወት ክራንክ ላይ አዲስ የፍላይዊል ሲል ብትገጥሙ ዕድሜ የለውም። ምንም አልተሰማም። ይሄ ሁሉ ሲሆን አንድ ቡሎን እንኳ አልተፈታም።

«እንግዲህ ትታጠብ» አሉ።

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ተጠበቀ። ልጁ በነጭ ጋዝና በብሩሽ ከሥር ጀምሮ አጠበው፣ ዓመታት የጋገሩትን አፈርና ዘይት እየላጠ አወረደው። ከዚያ በጨርቅ፣ ከዚያ በንፋስ። ይሄ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ወሰደ። እስኪደርቅ ስንጠብቅ ጎረቤቶች መጡ። ቮልስ ስትቆም ሰው መሰብሰቡ አይቀርም፣ ሲሰበሰብ ደግሞ ወሬው መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት የወጡባት ቮልስ ላይ ማረፉ አይቀርም። ቀለሟ አረንጓዴ ነበር፣ የለም ሰማያዊ ነበር ተባብለው ሊጣሉ ደረሱ። ሽማግሌው አልገቡበትም። ከታጠበው ብሎክ ላይ ዓይናቸውን አላነሱም።

መኪናዋ እዚያው አደረች። «ማታ አትነሳም፤ ቀዝቃዛ ሆና ነው የምትነሳው» ብለውኝ ነበር። ጠዋት ስመጣ ሶፍት እየቀደዱ ነበር። አንዱን ቁራጭ ከፍላይዊሉ መጋጠሚያ ሥር አስጠጉ። አንዱን በግራ በኩል ከፑሽሮድ ቱቦዎቹ ሥር። ሦስተኛውን አጣጥፈው በቀጭን ሽቦ ጫፍ አሰሩና ከላይ፣ በግራ በኩል፣ ከፋኑ ሽፋን ጀርባ ሰደዱት። እዚያ የዘይት ማቀዝቀዣው፣ ኦይል ኩለር የምንለው ማለት ነው፣ ብሎኩ ላይ የሚቀመጥበት እግር አለ። አንዲት የጢም መላጫ መስታወት ከሥሩ ያዙ፤ ለእኔ ባትሪ ሰጡኝ። ልጁ አስነሳት።

ሞተሩ እንደ ልማዱ እየተንገጫገጨ ያዘ። መስታወቷ ውስጥ ነጭ ሶፍት ብቻ ነው የሚታየኝ። ከሥር ያሉትን አየሁ፣ ነጭ ናቸው። ተመልሼ መስታወቷን ሳይ የሶፍቱ ጠርዝ ቀለሙ ተለውጧል። ጥቁር አልነበረም፣ ቢጫ ነገር፣ ሲበዛ ቡናማ። ጠርዙን ይዞ ወደ መሃል ገባ። ከዚያ ከሶፍቱ ጎን የወጣች አንዲት የዘይት ክር የሦስተኛውን ሲሊንደር ቆርቆሮ ጀርባ ይዛ ወረደች፣ ብሎኩ ላይ ደረሰች፣ የብሎኩን ግጥምጥሚያ ስታገኝ ታጠፈች። በዚያው መስመር ሄደች። በባትሪው ተከተልኳት። ሄዳ ሄዳ የቆመችው የት ነው? ፍላይዊሉ መጋጠሚያ ላይ። እዚያ ተንጠለጠለች፣ ወፈረች፣ ከሥር ያለው ሶፍት ላይ ጠብ አለች።

«አጥፋት» አሉ ሽማግሌው።

እኔ ቆሜ ቀረሁ። ይሄ ጠብታ ያው የመጀመሪያው መካኒክ ያየው ጠብታ ነው። ቦታው ያው ነው። እሱ ያየውን ነው የተናገረው፣ አልዋሸም። የጎደለው ከዚያ በፊት ያለው መንገድ ነው። ያ መንገድ ደግሞ የሚታየው ሞተሩ ሲታጠብ፣ ቀዝቅዞ ሲያድርና አንድ ሰው መስታወት ይዞ ሲቆም ብቻ ነው።

ከዚያ የባሰ ሐሳብ መጣብኝ። ሞተሩ ወርዶ የፍላይዊሉ ሲል ተቀይሮ ቢሆን ምን ይሆን ነበር? ማፍሰሷን አታቆምም። እኔ ተመልሼ እሄዳለሁ። «ሲሉ ፌክ ነው፣ ኦሪጅናል አምጣ» እባላለሁ። አምጥቼ እንደገና ይወርዳል። በዚህ ከተማ የተሳሳተ ግምት መቼም አይጋለጥም፣ ምክንያቱም ሁሌ በእሱ ቦታ የሚከሰስ ፌክ ዕቃ አለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው ነገሩ። ዕቃው ይሰደባል፣ ቻይና ትሰደባለች፣ ግምቱ ግን ለሚቀጥለው ደንበኛ ሳይነካ ይቀመጣል።

ላስቲኩስ ለምን ለቀቀ?

እኔ እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ኦይል ኩለሩ ከብሎኩ ጋር የሚገናኘው በሁለት ትናንሽ ላስቲኮች ነው። ላስቲኮቹን ቀይሮ መሄድ ነው። ሽማግሌው ግን «ቆይ እስቲ፣ ለምን?» አሉ።

የፋኑ ሽፋን ተነሳ። (ሞተሩ ቦታው ላይ እንዳለ ይነሳል፣ ግን ጠባብ ነው፣ ልጁ ጣቱን ሁለቴ ላጠ። ለዚህም ቢሆን ሞተሩን አውርደን ብንሠራው ይቀላል የሚሉ አሉ፣ አልከራከርም። ለምን እንደሚወርድ እየታወቀ ይውረድ።) ኩለሩ ሲነሳ ላስቲኮቹ እንደ ላስቲክ አይታጠፉም፣ ደርቀው ይሰበራሉ። ደግሞም ልካቸው አልነበሩም። በቀድሞዎቹ ሞተሮች የዘይቱ መተላለፊያ ቀዳዳ 8 ሚሊ ሜትር ነው፣ በኋለኞቹ 10። የኔ የኋለኛው ነው፤ የተገጠመው ግን የቀድሞው ላስቲክ ነው። ሱማሌ ተራ ሄዳችሁ «የቮልስ ኩለር ላስቲክ» ካላችሁ ሁለቱም በአንድ ከረጢት ውስጥ ተቀላቅለው ነው የሚወጡላችሁ። ቮልስ መመረት ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ውስጥ ነው። መለዋወጫዋ ግን ዛሬም ይሠራል፣ ስለዚህ ላስቲክ አይጠፋም። የሚጠፋው የትኛው ለየትኛው እንደሆነ የሚነግር ሰው ነው። አሮጌውን ይዛችሁ ካልሄዳችሁ ባትሄዱ ይሻላል።

ቢሆንም ሽማግሌው በልኩ ብቻ አልረኩም። ከሞተሩ ሥር፣ በፑሊው በኩል አንድ ትልቅ ብሎን አለ። ከጀርባው ሞላ፣ ከሞላው በላይ ጣት የምታህል ፒስቶን ትቀመጣለች። ሥራዋ ቀላል ይመስላል። ዘይቱ ቀዝቃዛና ወፍራም ሲሆን ግፊቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ፒስቶኗን ወደ ታች ይገፋታል፣ ያኔ ዘይቱ ኩለሩን ትቶ በአቋራጭ ይሄዳል። ሲሞቅና ሲቀጥን ግፊቱ ይቀንሳል፣ ሞላው ፒስቶኗን መልሶ ያነሳታል፣ ዘይቱም በኩለሩ በኩል ዞሮ ይቀዘቅዛል። ማለትም ጠዋት ጠዋት ኩለሩንና ላስቲኮቹን ከዚያ ሁሉ ግፊት የምታድነው ይህቺ ፒስቶን ናት። (የኔ ዓይነት ሞተር ላይ ሁለት እንዲህ ያሉ ፒስቶኖች አሉ። ሁለተኛዋ በፍላይዊሉ በኩል ናት፣ ሥራዋም ሌላ ነው።)

ብሎኑ ሲፈታ ሞላው ወጣ። ፒስቶኗ አልወጣችም። ላይ ተጣብቃ ቀርታለች።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ፒስቶኗ ከላይ ከተጣበቀች አቋራጩ ዝግ ነው። ስለዚህ የጠዋቱ ወፍራም ዘይት በሙሉ ግፊቱ ኩለሩ ላይ ይወርዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ የኅዳር ጠዋት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። አሁን በዚያ ላይ 50 ቁጥር ዘይት ጨምሩበት። ለካ ሞተሩ ውስጥ የነበረውም እሱ ነው፣ ጣሳው ከኋላ ወንበር ሥር ተገኘ። አንድ ሰው፣ መቼም ይሁን መቼ፣ ማፍሰሷን ለማቆም ብሎ አወፈረው። ዘይቱ ሲወፍር ግፊቱ ጨመረ፣ ግፊቱ ላስቲኩን ገፋ፣ ላስቲኩ ለቀቀ። ሲያፈስ «ገና አልወፈረም» ተባለ። የመብራቱ ላይ ታክሲ ሹፌር ምክር ትዝ አለኝ። ምክሩ የበሽታው አንድ ክፍል ነበር።

ፒስቶኗን ማውጣት ራሱ ሥራ ነበር። ዘይት አጠጥተው አቆዩአት፣ ከሥር አንኳኩ፣ በመጨረሻ ክፍት ሆዷ ውስጥ ጥርስ አውጥተው ጎትተው አወጧት። ጎኗ ላይ ጥቁር ጭረት ነበር። በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አለሰለሷት፣ ቤቷን አጸዱ፣ ዘይት ቀብተው በጣታቸው ሰደዷት። በራሷ ክብደት ተንሸራታ ተመልሳ ስትወድቅ ፈገግ አሉ። ልኩ የሆነ ላስቲክ ተገጠመ፣ ዘይቱ በ30 ተቀየረ። የቮልስ መጽሐፍ ራሱ ለሞቃትና መካከለኛ አየር የሚለው 30 ነው፣ 50 አይደለም።

ቦሎውን አገኘሁ።

ለማየት ማን ይከፍላል?

ሒሳብ ስጠይቃቸው የላስቲኩን፣ የዘይቱንና የመፍታት መግጠሙን ነገሩኝ። የመጀመሪያውን ከሰዓትና ያን ጠዋት አላነሱትም። «የማየቱስ?» ስላቸው ሳቁ። ለማየት ገንዘብ አይጠየቅም አሉኝ።

ይሄ ነገር እስካሁን አልተዋጠልኝም። እኔ እንደማየው የችግሩ ግማሽ እዚህ ነው ያለው። አንድ ደንበኛ ጋራዥ ሲገባ የመጀመሪያ ጥያቄው «ምን ቀየራችሁ?» ነው። ሁለተኛው «አሮጌውን አሳዩኝ»። መሬት ላይ የተዘረጋ ሞተር ሥራ ይመስላል፣ ለእሱ ብር ሲወጣ ማንም አያጉረመርምም። ቀኑን ሙሉ በመስታወት ሲያይ የዋለ መካኒክ ደግሞ ማታ ላይ ሁለት ላስቲክ ይዞ ቢወጣ «ለዚህ ነው?» ይባላል። ታዲያ ማን ያያል? ቤት ኪራይ ያለበት፣ ልጆች የሚያስተምር መካኒክ የሚከፈልበትን ይሠራል። የሚከፈልበት መቀየር ነው። ስለዚህ ይቀየራል።

አሁን ጋራዥ ስገባ የምጠይቀው ሌላ ነው። «ፈልጋችሁ ለማግኘት ብቻ ስንት?» እላለሁ። መጀመሪያ ግራ ይጋባሉ። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ግን ዓይኑ ይበራል፤ ማየት የሚችል፣ ግን ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የሌለ ዓይነት መካኒክ። እንዲህ ያለውን ካገኛችሁ አትልቀቁት። ሌላው ዓለም ዘይት ውስጥ የሚጨመር ማቅለሚያና አልትራቫዮሌት መብራት አለው፣ የፈሰሰበት ቦታ ያበራል። ጥሩ መሣሪያ ነው። ያም ቢሆን ሞተሩ ካልታጠበ ሁሉም ቦታ ያበራል።

ላብና ጠብታ

ከዚያ ወዲህ ከሥሯ መግባት ለምዶብኛል። ሶፍት ከኪሴ አይጠፋም። የተማርኩትን ሁሉ አልዘረዝርም፣ ግን ጥቂቱ ሰው ሊጠቅም ይችላል።

በመጀመሪያ የሞተሩን ትንፋሽ ተመልከቱ። ሞተሩ በእርጋታ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። ትንሽ ትንፋሽ ያለ ነው። ጭስ እየገፋ፣ እጃችሁን የሚመታ ከሆነ ግን ወይ መተንፈሻ ቱቦው ተዘግቷል ወይ የፒስቶን ቀለበቶቹ አልቀዋል። እንዲህ ያለ ሞተር ላይ አንዱን ሲል ስትቀይሩ ዘይቱ በሌላው ይወጣል። ውስጡ የታፈነ ግፊት መውጫ መፈለጉን አይተውም። የመተንፈሻው ቱቦ ጫፍ በጭቃ መደፈኑን ማየት ደቂቃ አይወስድም፣ ያም ሆኖ ያየው ሰው አላጋጠመኝም።

የቫልቭ ክዳኖቹ ቀላል ናቸው። የሚይዛቸው አንድ ሽቦ ነው፣ በካቻቪቴ ተጭናችሁ ታወርዱታላችሁ። ጋስኬቱን ቀይራችሁ አሁንም ካፈሰሰ ክዳኑ ጠርዙ ተጣሞ ወይም ሽቦው ላልቶ እንደሆነ እዩ። ሲሊኮን አትለቅልቁበት። ሲሊኮን ሲበዛ ተቆርሶ ወደ ውስጥ ይገባል፣ የሚያርፈውም ወንፊቱ ላይ ነው።

የወንፊቱ ክዳን ከሆዱ ሥር በ6 ትናንሽ ዳዶዎች ተይዟል። የሚፈልጉት ጥብቀት 7 ኒውተን ሜትር ነው፣ ያም ማለት በትንሽ መፍቻ፣ በሁለት ጣት። እዚህ ላይ ጉልበት የሚያሳይ ሰው አይጠፋም። ሲጠብቅ ክዳኑ ይጣመማል፤ ሲጣመም ያፈሳል፤ ሲያፈስ እንደገና ይጠብቃል፣ እስከ መጨረሻው የብሎኩ ጥርስ ተልጦ ይወጣል። ብሎኩ ማግኒዚየም ያለበት ለስላሳ ብረት ነው፣ ጉልበት አይወድም።

የፑሽሮድ ቱቦዎቹ 8 ናቸው፣ ከሲሊንደሮቹ ሥር ተደርድረዋል። ዘይት ከቴስታታው፣ ቫልቮቹ ካሉበት የሞተሩ ራስ፣ ወደ ብሎኩ የሚመለሰው በእነሱ ነው። ጫፍና ጫፋቸው ላይ ያሉት ላስቲኮች በሙቀት ይደርቃሉ። የኔ በቀኝ በኩል አንዷ ያልባታል። ጠብታ የላትም፣ አቧራ ይለጠፍባታል እንጂ። ትክክለኛውን ቱቦ ለመቀየር ቴስታታው መነሳት አለበት። ቴስታታ ሳይነሳ የሚገጠሙ፣ ተጎትተው የሚረዝሙ ቱቦዎች አሉ፣ አይቻቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹ መሃላቸው ላይ ራሳቸው ያፈሳሉ። ለአንዲት ላብ ብዬ ደህና የታሰረ ቴስታታ አላስነሳም። ለሌላ ምክንያት ሲነሳ ሁሉም በአንድ ላይ ይቀየራሉ። እስከዚያው በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት ሲቀየር ወንፊቱን አጥባለሁ፣ መለኪያዋን ቅዳሜ ቅዳሜ አወጣለሁ፣ አንድ ሊትር 30 ደግሞ ፊት ካለው ዕቃ መጫኛ ውስጥ አይጠፋም። ሽማግሌው በዚህ አይስማሙም፣ «ላብ ነገ ጠብታ ነው» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ነገ ሲሆን ያኔ ትታጠብ እላቸዋለሁ።